አረቄ የነካው ጥጥ

ባለፈው ሰሞን የታችኛው መንጋጋዬ አላስቀምጥ አላስተኛ ብሎኝ ሰነበተ። እኔ በጨው ውኃ እየተጉመጠመጥኩ ልከርም ነበር ሐሳቤ፤ ልጄ ግን «እማዬ፣ ሐኪም ባለበት አገር ምን ያሰቃይሻል?» ብላ ባጃጅ ላይ ጫነችኝና እዚሁ ሶዶ ወደተከፈተ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ወሰደችኝ። በሩን ገፍተን ስንገባ ቅርንፉድ ሸተተኝ። ቅርንፉድና አልኮል፣ አንድ ላይ። ባለሁበት ቆምኩ። ልጄ የፈራሁ መስሏት ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። ሐኪሟ የልጅ ልጄ እኩያ ናት፤ ወንበሩን ወደ ኋላ አስተኝታ፣ መብራቱን አፌ ላይ አዙራ፣ «እማማ፣ ይክፈቱልኝ» አለች። ከፈትኩ። ጥቂት አየችኝና ቀና ብላ «ትንፋሽዎን ለምን ይይዛሉ? ይተንፍሱ እንጂ» አለችኝ። «ልማድ ነው» አልኳት። አፉ ውስጥ መስተዋት የተሰካበት ሰው ከዚህ የረዘመ መልስ መስጠት አይችልም። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ ለእሷ ያልመለስኩላትን እዚህ ልጽፈው ተቀመጥኩ።

ጊዜው በጃንሆይ ዘመን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ገና መምህርት ሆኜ፣ በመጀመሪያ ደመወዜ ሸራ ጫማ ገዝቼ በጠመኔ እያነጣሁ የምጫማበት ጊዜ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ሶዶ ያኔ ከዳሞታ ተራራ ሥር ቁልቁል የወረደች፣ በክረምት ቀይ ጭቃዋ ጫማ የሚያስወልቅ ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውቶቡስ በቦዲቲ በኩል አቧራውን እያስነሳ ሲገባ ግማሹ ከተማ ሊያየው ይወጣል። ሴቶቹ ናይለን ሻሽ፣ ወንዶቹ ካኪ ኮት ነው፤ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ከታየ የአዲስ አበባ እንግዳ ነው ማለት ነው። ከዓረቡ ሱቅ ደጃፍ ሬዲዮ ይዘፍናል። እኛ የአማኝ ልጆች በዚያ ስናልፍ እንዳልሰማን ሆነን እርምጃችንን እናዘገያለን። የሱቁ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ላምባ፣ የልብስ ሳሙና፣ ቅርንፉድ። የአምስት ሳንቲም ቅርንፉድ በጋዜጣ ቁራጭ ተጠቅልሎ ይሰጥ ነበር። ለሻይ የሚገዛው ጥቂቱ ሰው ነው፤ የቀረው ለጥርሱ ነበር የሚገዛው።

ጥርሱን ያመመው ሁሉ የራሱ ሐኪም ነበር። ጉንጩ አብጦ በነጠላ የታሰረ ሰው ገበያ መካከል ከታየ ያለፈ ያገደመው ቆሞ መድኃኒት ያዝለታል፤ ማንም በገዛ መድኃኒቱ ላይ ጥርጥር የለውም። አንዱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠህ ጠቅጥቅበት ይላል፣ ሌላው ጤና አዳም አኝክበት ይላል። የእንቧይ ፍሬ ፍም ላይ ጥለው ጭሱን በሸምበቆ ወደ አፋቸው የሚስቡም ነበሩ። ትሉ ከጥርሱ ውስጥ እየወጣ ይረግፋል ይባላል። ከአገጭ ሥር በተያዘ ሳህን ውኃ ላይ ረገፈ የተባለውን ነገር በዓይኔ አይቻለሁ፤ ትል ይሁን የእንቧዩ ፍሬ ቅርፊት እኔ እንጃ። ሾፌሮቹ ቤንዚን በጥጥ ነክረው ይይዛሉ። እኛ የተማርነው ደግሞ ከሌላው የተሻልን መስሎን አስፕሪን አድቅቀን ድዳችን ላይ እንነሰንስ ነበር። ድዱ ነጭ ሆኖ ይላጣል፣ ሕመሙ ባለበት ይቆያል። ኋላ ቀይና ቢጫው እንክብል ሲመጣ እሱንም መዋጥ ትተን እየከፈትን ዱቄቱን ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቅን፤ አንዱን እንክብል ለጎረቤት ሁሉ እያካፈልን። ዛሬ ሳስበው እንዴት ተረፍን እላለሁ። ያልተረፉም ነበሩ፤ እብጠቱ ወደ ጉሮሮ ወርዶ አፍኖ የገደላቸውን ሰዎች ቀብር ሄጃለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን ሕመሙን ዝም የሚያሰኙት ሁለት ነበሩ፤ የትምባሆ ውኃና አረቄ። የጋያ፣ ማለት የዚያ በውኃ የሚጨሰው ትምባሆ፣ ጥቁር ውኃ በጥጥ ተነክሮ ይያዛል። ካልሆነ አረቄ። ለእኛ ቤት ሁለቱም የተዘጉ በሮች ነበሩ። አባቴና ጓደኞቹ ወንጌል ሰምተው ያመኑ ዕለት ጋያቸውን ሰብረዋል፣ መጠጥ የያዘውን እንስራ ደፍተዋል። አባቴ «በገዛ እጄ ድንጋይ ላይ ሰበርኩት» እያለ ደስ ብሎት ይተርከው ነበር። ልብ ያላለው አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት የጥርስ መድኃኒቱንም አብሮ ሰብሮታል።

አባቴ፣ አቶ ዳልኬ፣ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ነበር። እሑድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ የሚገባውን ሁሉ «ሳሮ፣ ሳሮ» እያለ፣ ደህና ናችሁ ማለቱ ነው፣ ጉንጭ ለጉንጭ አቅፎ መቀበል የእሱ ሥራ ነው። በካኪ ኮቱ የደረት ኪስ ውስጥ የወይራ መፋቂያው ከእስክሪብቶው ጎን ተሰክቶ ይታያል። እውነቱን ከተናገርኩ እቅፉ ሰላምታ ብቻ አልነበረም። ገበያ ውሎ የቀመሰ፣ ጋያ የሳበ ከዚያ በር አያልፍም፤ የአባቴ አፍንጫ አያመልጠውም ይባል ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ ፊቱን ወደ ትከሻው አዙሮ ይታቀፋል፣ አንዳንዱ ትንፋሹን ይይዛል። እኔም ውኃ ብቻ ጠጥቼ የመጣሁት ልጁ ትንፋሼን ይዤ ነበር የማልፈው። ሐኪሟን ልማድ ነው ያልኳት ይህንን ነው።

ላሊሶ የአባቴ የልብ ጓደኛ ነበር። በአንድ ቀን በአንድ ወንዝ ተጠምቀዋል፣ ጋያቸውንም የሰበሩት በአንድ ድንጋይ ላይ ነው። መዝሙር የሚመራው እሱ ነበር። ድምፁን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ማይክ የለም፣ ኦርጋን የለም። ላሊሶ ዓይኑን ጨፍኖ የመጀመሪያውን ስንኝ በወላይትኛ ሲያነሳ ውጭ በቅሎ የሚያስሩት ሰዎች ልጓሙን እንደያዙ ይቆማሉ። ዛሬ ከየጸሎት ቤቱ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቀውን ስሰማ ይከፋኛል፤ እርጅና ነው ትሉኝ ይሆናል፣ ይሁን። አንድ እሑድ ላሊሶ ግራ ጉንጩ አብጦ መጣ። አባቴ አቀፈው፤ አቅፎትም ሳይለቀው ቆየ።

«ላሊሶ፣ ምንድን ነው የሚሸተኝ?» አለው።

«አረቄ ነው» አለ ላሊሶ፣ ምንም ሳይደብቅ። «ጥርሴ ነው ዳልኬ። በጥጥ ነው የያዝኩት። አልዋጥኩም።»

«ሌላ መድኃኒት አጣህ?»

«ያልሞከርኩት የለም። ልጆቼን ማስተኛት አቃተኝ እኮ፣ ሌሊቱን ሙሉ እየጮህኩ። አልዋጥኩም አልኩህ። አንተ ታውቀኛለህ።»

«እኔማ አውቅህ ይሆናል» አለ አባቴ። «ሕዝቡ የሚያውቀው ግን ሽታውን ነው። በዚህ አፍ መዝሙር አይመራም።»

የተነጋገሩት በወላይትኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ለስለስ ብሎብኛል። እኔ ከኋላቸው ተራዬን እየጠበቅኩ ቆሜ ነበር። ላሊሶ ጥቂት አየውና ከበሩ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተቀምጠው ከአገልግሎትና ከጌታ እራት አገዱት፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ ጠጥቻለሁ ብሎ ንስሐ ሲገባ ይመለሳል ተባለ። ላሊሶ ያላደረገውን አደረግሁ ብሎ መናዘዝ አልሆነለትም። «ዋሽቼ ወደ እግዚአብሔር ቤት አልገባም» ብሎ ላከባቸው። ከዚያ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ቦምቤ የሚባል አገር፣ ወንድሙ ዘንድ ገባ። መዝሙሩን ሌላ ሰው ያዘው፤ ደግ ሰው ነበር፣ ነገር ግን በቅሎ የሚያስሩትን አላስቆመም። በቤታችን የላሊሶ ስም አይነሳም። እናቴ አንድ ቀን «ጥርሱ ቢሆንስ?» ብትል አባቴ ገበታውን ትቶ ተነሳ።

በሚቀጥለው ዓመት ይመስለኛል፣ የበቆሎ እሸት ወቅት ነበር። አባቴ እሸት እየጋጠ ድንገት ማኘኩን አቆመ። መጀመሪያ ለማንም አልተናገረም፤ የሚያቃጥለውን ዳጣ ወደ ጎን ሲገፋ፣ በአንድ በኩል ብቻ ሲያኝክ አየነው። ከዚያ ጉንጩ ተነፋ። ቅርንፉዱም፣ ነጭ ሽንኩርቱም፣ እኔ አድቅቄ ያመጣሁለት አስፕሪንም ተሞከረ። ጤና ጣቢያው ያለው ድሬሰር፣ ያኔ ሐኪማችን እሱ ነበር፣ ጉጠቱን ሳያነሳ «እብጠቱ ሳይጎድል አልነካውም» ብሎ መለሰው። የአጥር ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺ የሰሜን ሰዎች ልጅ፣ አረቄ አውጥታ የምታድር ሴት ነበረች። ከአባቴ ጋር በሃይማኖት ባይገናኙም ይከባበራሉ። ጩኸቱን ሰምታ መጣች።

«ኧረ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ አቶ ዳልኬ!» አለችው። «አንዲት ጥጥ ነክረው ቢይዙባት ምን ይሆናሉ? ይጠጡ አላልኩዎት!»

«ወይዘሮ የሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ» አለ አባቴ፣ በአማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። «ግን አይሆንም። እኔ በር ላይ የሚቆም ሰው ነኝ።»

«በር ላይ ለመቆምም እኮ በሕይወት መኖር ያስፈልጋል» ብላ እያጉረመረመች ሄደች።

እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ምሰሶውን አቅፎ ግንባሩን ሲመታበት አገኘሁት። እንባው ጺሙ ላይ ይወርዳል። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። «ሂጂ» አለኝ። «ወዴት አባባ?» ስለው ጣቱን ወደ ወይዘሮ የሺ አጥር ቀሰረ። እናቴ «ይምሽና ትሂድ፣ ሰው ያያታል» አለች። እኔ ግን እስኪመሽ አልጠበቅኩም። ወይዘሮ የሺ፣ ነፍሷን ይማር፣ በሲኒ ቀድታ የእንሰት ቅጠል ከድና ሰጠችኝ።

አባቴ ጥጡን ነክሮ ጥርሱ ላይ አደረገና ነከሰው። ምራቁን አመዱ ላይ ይተፋል፣ እንደገና ይነክሳል። ቀስ በቀስ ትከሻው ወረደ። እናቴና እኔ አጠገቡ ቆመን እናየዋለን። ሕመሙ ፀጥ ካለለት በኋላ ለእኛ ይሁን ለራሱ ሳይታወቅ ተናገረ።

«አልዋጥኩም።»

«እናውቃለን» አለችው እናቴ።

ቀና ብሎ አያት። «በምን ታውቂያለሽ?»

እናቴ ምን ትበለው? አባቴም የተናገረው ቃል የማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጥርሱ ተሽሎት ሳለ ከቅድሙ ይበልጥ አለቀሰ።

እሑድ ጠዋት አዲስ ጥጥ ነክሮ ያዘ፣ ጉንጩን በነጠላ አሰረ፣ ኮቱን ለበሰ። እናቴ «ዛሬ ቅር፣ አሞታል እንላለን» ብላ ለመነችው። «አሞኝ አይደል? የታመመ ሰው ደግሞ እንዲህ ነው የሚሸተው» ብሏት ወጣ። በሩ ላይ እንደወትሮው ቆመ። «ሳሮ፣ ሳሮ» እያለ አንድ በአንድ አቀፋቸው፤ ማንንም አልዘለለም። የሰዎቹን ፊት ከኋላ ሆኜ እያየሁ ነበር። አንዳንዱ ደነገጠ፣ አንዳንዱ አፍንጫው ያታለለው መስሎት ወደ ኋላ ዞሮ አየ፣ አንዲት ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሁሉም ገብተው ሲያበቁ አባቴ ወደ ፊት ወጣ።

«ሁላችሁም አሽትታችሁኛል» አላቸው። «አረቄ ነው። ለጥርሴ በጥጥ ይዣለሁ፣ አልዋጥኩም። ላሊሶ በዚህ በር ላይ ይህንኑ ነገረኝ፤ አላመንኩትም። እናንተ ካመናችሁኝ እሱንም እመኑት። ካላመናችሁኝ እኔንም እንደሱ አግዱኝ።»

ሽማግሌዎቹ በዚያው ሳምንት ተሰብስበው የላሊሶን እገዳ አነሱ። አባቴ እብጠቱ እስኪጎድል ጠብቆ ጥርሱን አስነቀለ፤ ድሬሰሩ ያለ ማደንዘዣ ነው የነቀለለት፣ አንድ ጊዜም አልጮኸም። ሳይውል ሳያድር ላሊሶን ልመልስ ብሎ ተነሳ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አብሬው ሄድኩ። በጭነት መኪና ላይ ከከረጢት ጋር ተጭነን፣ ከዚያ በእግር፣ ግራና ቀኙ ጎዳሬ በለበሰ ቀይ መንገድ ቦምቤ ደረስን። አባቴ የሚናገረውን መንገዱን ሙሉ ሲያጠና ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

ላሊሶ ከጎዳሬ ማሳው ውስጥ ቀና አለ። አገጩ ወደ ግራ ዞሯል። «ሳሮ ዳልኬ» ሲል አፉ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አልተከፈተም፤ ቃሉ የወጣው በጥርሶቹ መካከል ነው። ነገሩን ሚስቱ ነገረችን። ቦምቤ እንደገቡ ዳግመኛ ማንም እንዳያሸተኝ ብሎ አንድ ብረት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ ጥርሱን በጉጠት አስነቅሎታል። ጥርሱ ድዱ ውስጥ ተሰበረ፣ መግል ቋጠረ፣ ብዙ ታመመ። ሲድን መንጋጋው ተቆልፎ ዳነ፤ ጥዝጣዜው ግን ስላለቀቀው አሁንም ጥጥ ይይዝበታል።

አባቴ ያጠናው ሁሉ ጠፋበት። «ይቅር በለኝ» ብቻ አለ።

«እዚህ የገባሁ ሰሞን ይቅር ብዬሃለሁ። ቂም ይዤ መተኛት አልችልበትም፣ ታውቀኝ የለም?» አለ ላሊሶ። «ምን አመጣህ ታዲያ?»

«ልወስድህ ነው። እገዳው ተነስቷል። መዝሙሩ እንዳንተ ያለ ሰው የለውም።»

ላሊሶ ጣቱን አንስቶ ያቺን ጠባብ ክፍተት አሳየው። «በዚህ ሾርባ ይገባል» አለ። «መዝሙር አይወጣም።»

ሚስቱ ጎዳሬ ቀቅላ አቀረበችልን። ላሊሶ በጣቱ እያላመ፣ በዚያች ክፍተት ጥቂት ጥቂት እያስገባ በላ። አባቴ አልበላም። ስንመለስ ከመኪናው ላይ ሆነን ዳሞታ ሲታየን «በሩ ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ። አጽናናሁት ብዬ ብዋሽ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ ከበሩ አልቀረም። ሌላ ሰው ይቁም ቢል የሚሻል መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን መቆሙን ቀጠለ። የተለወጠውን ነገር ያወቅኩት ቆይቼ ነው። ሲያቅፍ ደረቱ አይንቀሳቀስም። እጁን ከዘረጋበት ጊዜ ጀምሮ ሰውየውን እስኪለቅ ድረስ ትንፋሹን ይይዛል። ሰልፉ ረዥም የሆነ እሑድ ፊቱ ጠቁሮ፣ መቃኑን ተደግፎ ሲያለከልክ አይቼዋለሁ። የማንንም አፍ ላለማሽተት የራሱን ትንፋሽ ይከለክል ነበር። ሰዉም ዋል አደር ሲል ገባው፤ ነጭ ሽንኩርት የያዘውም ጥጥ የነከሰውም ፊቱን ማዞር ተወ።

ላሊሶ በጊፋታ ሰሞን፣ ዘመድ ሁሉ ለአዲሱ ዓመት ወደየቀዬው በሚመለስበት ጊዜ፣ ማንም ሳይጠራው መጣ። አባቴ ገና ከሩቅ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ሲወጣ አየው። ሌላውን ተቀብሎ እስኪያበቃ ላሊሶ ወደ ጎን ቆሞ ጠበቀ፤ ከዚያ ቀረበ። ሲታቀፍ የድሮው ነገር ትዝ ብሎት ይሁን አላውቅም፣ ፊቱን ወደ ትከሻው አዞረ። አባቴ ያንን ጠማማ አገጭ በእጁ ይዞ ወደ ራሱ መለሰው። ያን ዕለት ትንፋሹን አልያዘም። ደረቱ ሲነሳ፣ ረዥም አድርጎ ሲስብ፣ እኔ በዓይኔ አየሁ።

«ምን ሸተተህ?» አለው ላሊሶ በዚያች ጠባብ አፉ።

«ቅርንፉድና አረቄ» አለ አባቴ። «ግባ።»

እጁን ይዞ እስከ ፊተኛው አግዳሚ አደረሰውና አጠገቡ ተቀመጠ። መዝሙሩ ሲነሳ ላሊሶ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ አግዳሚውን እየመታ ምቱን ያዘ። ድምፅ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት አባቴ ከጎኑ ሆኖ፣ ከዜማው እየወጣ፣ ለሁለቱም ዘመረ።